ሁለት የውኃ ፕላስቲኮች፦ ስለ አውሮፕላንና ስለ በረራ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

እነዚህን ሁለት ባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ላዙርላችሁ። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሏቸው። ጨመቅ ጨመቅ አድርጓቸው እንጂ ክዳናቸውን አትንኩ። ሁለቱንም ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ከዱባይ ስትመጣ የሽማግሌ አደራ ጥዬባት ነበር። አንደኛውን፣ ቀይ ክር ያሰርሁበትን፣ ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ውኃውን ጠጥታ ጨርሳ አጥብቃ ከደነችው። ሁለተኛውን፣ አረንጓዴ ክር ያለውን፣ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ተረጋግቶ የምግቡ ትሪ ከተነሣ በኋላ ከደነችው።

ባለ ቀዩ እንደ ኳስ ተወጥሯል። ይህ አይገርምም። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ወፍራም ነው። ያ አየር ታሽጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጪው ሳስቶ ስለሚያገኘው ከውስጥ ይገፋል። ሱቅ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣው የድንች ጥብስ ከረጢት ሊፈነዳ እስኪመስል ተነፍቶ የምታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። የሚገርመው ባለ አረንጓዴው ነው። ሰማይ ላይ የተከደነ ፕላስቲክ መሬት ሲደርስ ይጨማደዳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይኸው በእጃችሁ ነው፤ ተጨማድዷል? አልተጨማደደም። እንዲያውም ጠንከር ብሏል። የእህቴ ልጅ ከ11,000 ሜትር በላይ ሆና ስትተነፍሰው የቆየችው አየር፣ እኛ በዚህ አዳራሽ ከምንተነፍሰው ይልቅ ወፍራም ነበር ማለት ነው።

እኔ አብራሪ አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ሃንጋር ውስጥ፣ ከክንፍ በታች፣ እጄ ቅባት ነክቶት ነው። ሆኖም ሰው አውሮፕላን የሚጠግን መሆኔን ሲያውቅ፣ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም የሚጠይቀኝ ነገር አለው። የዛሬዎቹን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ በሳጥን ሰጥታችሁኛል፤ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንብቤያቸዋለሁ። ብዙዎቹ በየመጽሐፉ የተመለሱ ናቸው። ችግሩ መልሶቹ የተጻፉት ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው መሆኑ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየሩ የሚጫነን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚጫነው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ሌላ መልስ ይገባዋል።

በፕላስቲኩ ልጀምር። አውሮፕላን ከፍ ሲል የውጪው አየር ለመተንፈስ የማይበቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ መንገደኞች ክፍል አየር እየተጨመቀ ይገባል። ነገር ግን እስከ ባሕር ወለል ግፊት ድረስ አይሞላም፤ አካሉን ያለ ልክ ይወጥረዋል። በቀደሙት አውሮፕላኖች የክፍሉ አየር ቢበዛ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር ያህል እንዲሳሳ ይፈቀዳል። እንደ ቦይንግ 787፣ ማለትም ድሪምላይነር፣ እና እንደ ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲሶቹ ግን ከ1,800 ሜትር ከፍታ አያልፍም። 1,800 ሜትር የባሕር ዳር ከተማ ከፍታ ነው። ከቦሌ በድሪምላይነር ስትነሡ አውሮፕላኑ ሽቅብ ይወጣል፣ የምትተነፍሱት አየር ግን ቁልቁል ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ሻዩም ሳይቀር የተሻለ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚፈላው።

አንዲት እናት፣ "ልጄ አውሮፕላን ሲያርፍ ጆሮዋን አሟት ታለቅሳለች፤ ወደ አገር ስንመለስ ግን ደህና ናት፣ አገሯን አውቃ ነው ወይ?" ብለው ጽፈዋል። ሳቅሁ፤ ግን ያስተዋሉት ትክክል ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ ያለው አየር ከጉሮሮ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ቱቦ አለ። አውሮፕላን ሲወርድ የክፍሉ ግፊት ይጨምራል፤ ቱቦው ካልተከፈተ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ስታርፉ ለውጡ ትልቅ ነው፤ ከባሕር ዳር ከተማ አየር ወደ ባሕር ወለል አየር መውረድ ነውና። ቦሌ ስታርፉ ግን በክፍሉና በምድሩ አየር መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ በአዲሶቹ አውሮፕላኖችማ ወደ ሳሳው አየር ነው የምትሄዱት። ወደ ቆላ ስትወርዱ ሕፃኑን ጡት አጥቡት፣ ትልቁ ማስቲካ ያኝክ፤ መዋጥ ነው ቱቦውን የሚከፍተው። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ቱቦው ያብጣልና ሐኪም ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሰባት ሰው በተለያየ አጻጻፍ ያቀረበው አንድ ጥያቄ አለ። ሁሉም አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። "ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት እናርፋለን፤ ከዋሽንግተን ስንመለስ ግን በቀጥታ ነው የምንመጣው። ያው አውሮፕላን፣ ያው መንገድ፤ ለምንድን ነው?" የማረፊያው ከተማ እንደ ዘመኑ ሮምም ደብሊንም ሎሜም ሆኗል። ሰው መቀመጫው ላይ ታስሮ በመስኮት የነዳጅ መኪና እያየ፣ "ቦሌ ላይ ለምን አልሞሉትም?" ብሎ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም።

መልሱን ለማግኘት አውሮፕላን ለምን እንደሚበር ማወቅ ይጠይቃል። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣችሁ እጃችሁን ወደ ውጭ ዘርግታችሁ ታውቃላችሁ። ረዳቱ ሳይቆጣችሁ በፊት ማለቴ ነው። መዳፋችሁን ጠፍጣፋ ስታደርጉት አየሩን ሰንጥቆ ይሄዳል። የፊቱን ጠርዝ ትንሽ ቀና ስታደርጉት እጃችሁ ወደ ላይ ይነሣል። እጃችሁ አየሩን ቁልቁል ገፋው፣ አየሩም እጃችሁን ሽቅብ ገፋው። የክንፍ ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቅርጹ አየሩን ያለ ብዙ ወደ ኋላ መጎተት ወደ ታች እንዲመልሰው ተጠንቅቆ መሠራቱ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከክንፉ በላይ የሚያልፈው አየር ረጅሙን መንገድ ሄዶ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይሮጣል ብለው ያስተማሯችሁ ካሉ እርሱት። ሁለቱ እኩል የሚደርሱበት ምንም ምክንያት የለም፤ ሲለካም የላይኛው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ከአንድ ትውልድ በላይ ስናስተምር መኖራችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እንግዲህ ክንፉ የሚገፋው አየር ከሳሳ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ይበልጥ መፍጠን አለበት። ፀሐይ በወጣበት ቀን የቦሌ አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የቀለለ ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ያን ፍጥነት የሚሰጠው ሞተርም አየር ጠጪ ነው፤ የሚጠጣው ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጎማውም የራሱ የፍጥነት ጣሪያ አለው። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ማለቂያ አለው። ደግሞም አብራሪው በመንደርደር ላይ ሳለ አንድ ሞተር ቢጠፋበት፣ ወይ በቀረው መንገድ መቆም ወይም በአንዱ ሞተር ተነሥቶ ተራራውን ማለፍ መቻል አለበት። ይህ ሁሉ ተሰልቶ የሚወጣው መልስ አንድ ነው፤ ክብደት ቀንስ።

ምን ይቀነስ? መንገደኛ ከተቀነሰ ኪሳራ ነው። ሻንጣ ከተቀነሰ ደግሞ ያገሬ ሰው በርበሬና ሽሮውን ትቶ አይሄድም። የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። የድሪምላይነር ታንክ ሲሞላ ነዳጁ ብቻውን 100 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ሰውና ጭነት ይዞ ከቦሌ ያን ሁሉ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ቀነስ አድርጎ ተነሥቶ፣ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ከተማ ላይ አርፎ ይሞላል። ደብሊን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ዋሽንግተን ያለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሡ ወፍራም አየር ላይ ነው። በዚያ ላይ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ደግሞ ፊት ለፊት ይገትራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ጄት በ1955 ዓ.ም. ሲመጣ አሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አጠረው፤ ቦሌ የተሠራው ረጅም መንደርደሪያ ስላስፈለገ ነው። አሁን ደግሞ ተራው የቦሌ ሆኗል። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 400 ሜትር ለእግረኛ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለአውሮፕላን ግን ብዙ ቶን ነው። "የሌሊት በረራ የበዛው ለዚህ ነው ወይ?" ያላችሁኝ ወንድሜ፣ በከፊል አዎ። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ስለሆነ ሌሊት መነሣት ይቀላል። ነገር ግን ከየአገሩ የመጡትን መንገደኞች አገናኝቶ መላኩም አለ፤ ሁሉንም በአየሩ አላሳብብም።

"ሞተሩ ቢጠፋስ?" ይህ ሁልጊዜ ይመጣል። አንዱ ቢጠፋ ባለ ሁለት ሞተሩ በቀረው ይበራል፤ ያለዚያ ፈቃድም አያገኝም። ሁለቱም ቢጠፉ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፣ ይንሸራተታል። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን 1 ሜትር ሲወርድ 15 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነዳጁን የጨረሰ አንድ የካናዳ ኤርባስ 306 ሰዎችን ይዞ፣ ያለ ሞተር 19 ደቂቃ ያህል ተንሸራትቶ አዞረስ ደሴቶች ላይ አርፏል፤ የሞተ ሰው የለም። እኛ ጋ ስሌቱ ትንሽ ይለያል። የአብራሪው ከፍታ መለኪያ 11,000 ሜትር ሲያሳይ ከአዲስ አበባ ምድር ያለው ርቀት 8,700 ሜትር ያህል ነው፤ ምድሩ አስቀድሞ ከፍ ብሎ እየጠበቀው ነው። ሆኖም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል።

አስቸጋሪው ከፍታ ሳይኖር ሲጠፋ ነው። ለዚህ ነው እኛ የጥገና ሰዎች ወፍ የምንጠላው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ከመሬት ሲነሣ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ለመመለስ ሞክሮ ኃይል አጣ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እርግብ ናት እንግዲህ፤ በየደጃፉ ጥሬ የምንበትንላት። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ኒው ዮርክ ላይ ተመሳሳይ ነገር በዝይ መንጋ ደርሶ አውሮፕላኑ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ 155ቱም ተርፈዋል። አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቆሻሻ እንዳይጣል የሚከለከለው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻ ወፍ ይጠራል።

መናወጥን በአጭሩ ልለፈው። በተለምዶ የአየር ጉድጓድ ይባላል እንጂ ሰማይ ላይ ጉድጓድ የለም። አየሩ ወጣ ገባ ሲል አውሮፕላኑ እንደ ጀልባ ይዋዥቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ተራራውንና ሸለቆውን እኩል ስለማታሞቀው በአገራችን ሰማይ ላይ ይብሳል። ክንፉ ሲርገበገብ አይታችሁ አትደንግጡ፤ እንዲርገበገብ ነው የተሠራው። የድሪምላይነርን ክንፍ በሙከራ ጊዜ ከ7 ሜትር በላይ ሽቅብ ቀልብሰውታል፤ አልተሰበረም። የሚጎዳው አውሮፕላኑ ሳይሆን ቀበቶውን የፈታው ሰው ነው፤ ጣሪያው ራሱን ይመታዋል።

በሩን በአየር ላይ መክፈት ይቻላል ወይ ላለው ወጣት፤ ወደ ላይ ከወጡ በኋላ አይቻልም። አብዛኞቹ በሮች መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው የሚከፈቱት፤ የውስጡ ግፊት ደግሞ በካሬ ሜትር ከ5 ቶን በላይ ሆኖ ወደ ውጭ ይጫናቸዋል። ምድር ሲቃረብ ግን ይህ ግፊት ይጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ መንገደኛ ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው በር ከፍቷል። ስለዚህ አትሞክረው።

የኦክስጅን ጭምብሉን ጥያቄ የጻፉት አባት፣ "ከልጄ በፊት ለራሴ አድርግ ማለት ምን የሚሉት ነው?" ብለው ተቆጥተዋል። አባባ፣ 10,700 ሜትር ላይ አየሩ ድንገት ቢወጣ አእምሮዎ በሚገባ የሚሠራው ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ብቻ ነው። ከልጁ ጋር ሲታገሉ እርስዎ ራስዎን ቢስቱ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ፤ ልጁ ራሱን ቢስት ግን እርስዎ ነቅተው አድርገውለት ይነቃል። ጭምብሉን ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት፤ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ኦክስጅኑን የሚያስጀምረው መሳቡ ነው። ከረጢቱ ባይነፋም እየሠራ ነው። ሽታ ቢጤ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ኦክስጅኑን የሚሠራው ኬሚካል ሲግል ነው።

ይህ ኦክስጅን የሚቆየው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ታዲያ ሲያልቅስ? እስከዚያ አብራሪው ወደ 10,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ እዚያ ያለ ጭምብል መተንፈስ ይቻላል። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው 3,000 ሜትር ሰማይ ነው። ለእኛ ግን እንጦጦ ከዚያ ከፍ ይላል፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች የሚመላለሱበት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሆኖ ወደ 3,000 ሜትር መውረድ ማለት ተራራ ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ተራሮች ላይ ለሚደረግ በረራ መውረጃው መንገድ አስቀድሞ ተጠንቶ ይሰናዳል።

አንዷን ወረቀት ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። "ያ መጋቢት የወደቀው ዓይነት አውሮፕላን ዛሬም ይበራል?" ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ተነሥቶ 6 ደቂቃ ሳይቆይ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ ከ30 በላይ አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ 5 ወር ሳይሞላ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ወድቆ ነበር። ከአፍንጫው ጎን፣ የአየሩን አቅጣጫ እየተከተለች የምትዞር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ መለኪያ አለች። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ነበረው፤ ያ ሥርዓት የሚያምነው ከሁለቱ መለኪያዎች አንዷን ብቻ ነበር። እሷ ስትሳሳት እሱም ደጋግሞ ተሳሳተ፤ አብራሪዎቹ ታገሉት። እኔ አንድ ብሎን ሳጠብቅ ሌላ ሰው ፈትሾ እንዲፈርምበት የሚያስገድድ ሥራ ውስጥ ነው የኖርሁት። ያን ያህል ሥልጣን የተሰጠው ነገር አንዲት ምስክር ብቻ ይዞ መፍረዱ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ለጥያቄው፤ አዎ፣ ይበራል። አሁን ሁለቱን መለኪያዎች ያነጻጽራል፣ ካልተስማሙ አይንቀሳቀስም፣ ደጋግሞም አይገፋም። አገራችን ውስጥ ከጥር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሥራ ተመልሷል። እኔም ተሳፍሬበታለሁ። ስነሣ ግን ሰዓቴን አየሁ።

የቀረችኝ አንድ ናት፤ ስለ አውሮፕላኑ ሳይሆን ስለ ትኬቱ። አክስቴ ወደ ጅዳ ስትሄድ ትኬቷ ማክሰኞ 02:15 ይላል። አክስቴ ማክሰኞ ጠዋት ገላዋን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሸኝቷት 1 ሰዓት ሳይሆን ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ከሄደ 4 ሰዓት ተኩል አልፎታል። ትኬት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ 02:15 በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። ያም ሰኞ ማታ አምሽታችሁ የምትሄዱበት፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ከ7 በታች ከሆነ 6 ደምሩ፤ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፤ ቀንሳችሁ የቀረው 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 አንሡ። አክስቴ ቅጣቱን ከፍላ በሌላ ቀን ሄደች፤ ሸኚው ግን በግማሽ ቀንሶ ነበር።

ፕላስቲኮቹ ተመልሰዋል። ባለ አረንጓዴው ለስልሷል፤ ክዳኑን አትንኩ ብዬ ነበር፤ አንዳችሁ ከፍታችሁታል። ግድ የለም፣ የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ትመለሳለች። ባለ ቀዩን ለዚያች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ላለችው ልጅ አቀብሏት። ወደ ጆሮሽ አስጠጊውና ቀስ ብለሽ ክፈቺው፤ ሌሎቻችሁ ዝም በሉ።